ቁሌት በሳምንት አንዴ፦ ሩጫ ለበዛባት የቤት እመቤት የሳምንት አሠራር

ምስር ወጥ ለመሥራት ማዕድ ቤት ስንገባ ምስሩ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሰዓቱን የሚበላው ሽንኩርቱ ነው፦ መላጡ፣ መክተፉ፣ እስኪበስል አጠገቡ ቆሞ ማማሰሉ፣ ከዚያ ደግሞ መክተፊያውንና ቢላዋውን ማጠቡ። በዚህ ላይ ሳንቆጥረው የሚያልፈው ጊዜ አለ። ዕቃ ማውጣት፣ ምድጃ ማጋል፣ የቆሸሸውን ማጽዳት፣ ወለሉን መወልወል። አንድ ኪሎም ከተፍን አምስት ኪሎ ይህ ክፍል እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ኪሎ የምትከትፍ ሴት መጀመሩንና ማጽዳቱን በሳምንት አምስት ጊዜ ትከፍላለች፤ በአንድ ቀን አምስት ኪሎ የምትከትፍ ግን አንዴ ከፍላ ትገላገላለች።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ፍሪዘር ያለው ፍሪጅ፣ አንድ ትልቅ ወፍራም ድስት፣ ጥቂት ክዳን ያላቸው ዕቃዎችና ከረጢቶች ይበቃሉ። ምሳሌዎቹን የወሰድኩት አምስት ሰው ከሚኖርበት የአዲስ አበባ ቤት ነው፤ ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት፣ መብራትም ሳይነግር ከሚሄድበት።

1. መጀመሪያ ሳምንቱን ወረቀት ላይ አውጡት

ብዙ ሰው ዕቅድ ሲባል የምግብ ዝርዝር መጻፍ ይመስለዋል። ከምግቡ በፊት ግን እናንተ የማትወስኗቸውን ነገሮች ጻፉ። ውሃ የሚመጣው በየትኞቹ ቀኖች ነው? የሰፈራችሁ ገበያ የሚደምቀው መቼ ነው? ልጆች ስፖርት ያላቸው፣ ቱታ የሚለብሱት በየትኛው ቀን ነው? ረቡዕና ዓርብ ትጾማላችሁ?

እነዚህን ስትደረድሩ ሳምንቱ ቅርጽ ይይዛል። ውሃ ማክሰኞና ቅዳሜ የሚመጣ ከሆነ ልብስና ብዙ ውሃ የሚፈልግ ምግብ በእነዚያ ቀናት ይሠራል፤ ሐሙስ ላይ ጎመን አጥባለሁ ማለት ጀሪካን መሸከም ነው። የምትጾሙ ከሆነ ማክሰኞ ማታ የተረፈ የፍስክ ወጥ ረቡዕ አይበላምና ማክሰኞ ትንሽ ይሠራል፤ ረቡዕ ደግሞ ለሐሙስ ምሳ የሚተርፍ ሽሮ ወይም ምስር ይበዛል።

ወረቀቱን ፍሪጅ በር ላይ ለጥፉት። ዋናው ጥቅሙ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ከሚለው የዕለት ጥያቄ መገላገል ነው። ይህ ጥያቄ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ልጆች ርቧቸው ሲያለቅሱ ሲመጣ ከሥራው በላይ ያደክማል።

2. ከገበያ የገባው ነገር ሳይዘጋጅ አይቀመጥ

ቀይ ሽንኩርት ስትገዙ አንገቱ የደረቀውንና ልጣጩ የሚንኮሻኮሸውን ምረጡ። አንገቱ ለስላሳ የሆነው ቶሎ ይበሰብሳል። አየር በሚያገኝ ቅርጫት ወይም ከረጢት፣ ከድንች ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንድ ላይ ከሆኑ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል።

ምስርና ክክ እንደተገዛ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀምና በማሰሮ ወይም በጠርሙስ ይቀመጥ። ቴሌቪዥን እያዩ፣ ቡና እየጠጡ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። ምድጃ ጥዳችሁ ጠጠር መልቀም ግን ጋዝ ማቃጠል ነው።

ቲማቲም በርከት ብሎ ረከስ ባለበት ወቅት አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ስትፈልጉ አውጥታችሁ ውሃ ስታስነኩት ልጣጩ በእጅ ይገፈፋል፤ ለወጥና ለስልስ ይሆናል፣ ለሰላጣ ግን አይሆንም። ጎመን ደግሞ ታጥቦ ተከትፎ ሁለት ደቂቃ በፈላ ውሃ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አልፎ በደንብ ተጨምቆ ይቀዘቅዛል። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ብዙ ቀቅሉና ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ ፕሬዠር ድስት ካላችሁ እንዲህ ላለው ሥራ ዋጋውን ይመልሳል።

3. ቁሌቱ

የሳምንቱ ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንየው። ለአምስት ሰው ቤት አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያዙ። ከመላጥ እስከ ማቀዝቀዝ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ግን ድስቱ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ እያላችሁ ሌላ ነገር የምትሠሩበት ነው።

የሽንኩርቱን ጫፍና ጫፍ ቁረጡ፣ ለሁለት ክፈሉትና ለብ ባለ ውሃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ልጣጩ በጣት ብቻ ይወልቃል፤ ዓይንም በመጠኑ ይድናል። በእጅ መክተፍ ካልቻላችሁ በማሽን ይሁን፤ ነገር ግን ጁስ እስኪሆን አትፍጩት። ሽንኩርት ውሃ ሆኖ ሲበስል ቃናው ይጎመዝዛል፣ ለመድረቅም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በትንሽ በትንሹ አስገብታችሁ፣ አንዴ አንዴ ጫን እያላችሁ፣ ፍሬ ፍሬው ሳይጠፋ አውጡት።

ወፍራሙን ድስት ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ቆንጠር ጨው ጨምራችሁ በመካከለኛ እሳት አብስሉት። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይተፋል፣ ከዚያ ውሃው እየመጠጠ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መድረሱን በሰዓት ሳይሆን በዓይን ዕወቁት፦ መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ቀለም ይይዛል፣ በማማሰያ ስትከፍሉት የድስቱ ወለል ይታይና ቀስ ብሎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት፣ ከዚያ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩና 10 ደቂቃ አቁላሉት።

በርበሬ ከመግባቱ በፊት ሁለት አምስተኛውን ለብቻ አውጡት። ይህ የአልጫው ድርሻ ነው፤ ለክክ፣ ለድንች፣ ለጥቅል ጎመንና ለካሮት ይሆናል፤ እርድ ግን ወጡ በሚሠራበት ቀን ይጨመራል። በቀረው ላይ በርበሬውን እንደ ቤታችሁ ልማድ ጨምራችሁ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አብስሉት።

ቅቤ አትጨምሩ። መከለሻም አትጨምሩ። በዘይት ብቻ የተሠራ ቁሌት ረቡዕ ለምስር፣ ሐሙስ ለሥጋ ይሆናል፤ የፍስክ ቀን ከሆነ ቅቤው በዕለቱ ድስት ውስጥ ይገባል። መከለሻውም በመጨረሻ ሲነሰነስ ነው ሽታው የሚኖረው። ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ ሲገባ ያው ቁሌት ምንም ሳይለወጥ ይቀጥላል። ረመዳን ለሚጾሙ ቤቶችም ከወሩ በፊት የተዘጋጀ ቁሌትና ሞልቶ ተጠቅልሎ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ ከዓስር እስከ መግሪብ ያለውን ጭንቅ በብዙ ያቃልለዋል።

ትኩሱን ቁሌት እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ትሪውን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ አስቀምጡት፤ ቶሎ ይበርዳል። ከምድጃ ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደ ፍሪጅ መግባት አለበት። ከዚያ አንድ ድስት ወጥ በሚበቃ መጠን በከረጢት ከፋፍሉና ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ። ጠፍጣፋው ቦታ አይዝም፣ ለማቅለጥም ቶሎ ይደርሳል። ከላዩ «ቀይ» ወይም «አልጫ» ብላችሁ ከነቀኑ ጻፉበት። ሦስት አራት ቀን ውስጥ የሚያልቀው ታች ፍሪጁ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ያለችግር ይቆያል።

ከዚያ በኋላ የማታ ወጥ እንዲህ ነው፦ ምስሩን አጥባችሁ ትጥዳላችሁ፣ ግማሽ ብስል ሲል ከረጢቱን ገልብጣችሁ ትጨምራላችሁ፣ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልለይ። የበዓል ዶሮ ወጥ በዚህ አይሠራ። የፋሲካና የገና ዶሮ ሽንኩርቱ ከዋዜማው ጀምሮ በእሳት ላይ የሚውል፣ ቤቱ በሽታው የሚታወድ ሥራ ነው፤ ጊዜ የምንቆጥበው እንዲህ ላለው ቀን እንዲተርፈን ጭምር ነው።

ስለ ነጭ ሽንኩርትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ሰው ፈጭቶ ዘይት አፍስሶበት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ይህ አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ፈጭታችሁ በበረዶ መሥሪያው ላይ አቀዝቅዙና አንድ አንድ ቁራጭ እያወጣችሁ ተጠቀሙ።

መብራት ሲጠፋስ? የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት ይይዛል፤ የታችኛው ፍሪጅ ግን አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ክፍት ቦታ ካለ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስገቡበት፤ በረዶ ሆኖ ቅዝቃዜውን ያቆይላችኋል። መብራት ሲመጣ በውስጡ ገና በረዶ የሚታይበት ነገር መልሶ መቀዝቀዝ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የቀለጠውና ቅዝቃዜው የጠፋው ይጣል።

4. እንጀራ፦ ከመጋገሪያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

እንጀራ ጊዜ የሚያባክነው በድንገት ሲያልቅ ነው። ስለዚህ መጋገሪያውን ቀን አስቀድማችሁ ትከሉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቅዳሜ ጠዋት የምትጋግሩ ከሆነ ረቡዕ ማታ ይቦካል። ሐሙስና ዓርብ ሳይነካ ይቆያል። ቅዳሜ በማለዳ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይቀዳል፣ ለሚቀጥለው የሚሆን እርሾ ይነሣል፣ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ እስኪል ቁርስ ይበላል፣ አልጋ ይነጠፋል። በክረምት ብርዱ ስለሚያዘገየው ማክሰኞ ማታ አቡኩ።

ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ አትቆጥቡት፤ መጀመሪያ እስኪግል ብቻ ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሙሉውን ሊጥ ጨርሱ። እንጀራው ሲያልቅ ቂጣ ጋግሩበት፤ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ባለው ሙቀት ደግሞ ሱፍ ወይም ለውዝ ይታመሳል፣ የልጆች መክሰስ ይሆናል። ምጣድ፣ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን በአንድ ጊዜ አይሠሩ፤ መስመሩ ይጋልና ቆጣሪው ሊወድቅ፣ ማከፋፈያውም ሊቃጠል ይችላል።

እንጀራው አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ በርዶ ሳያልቅ አትደራርቡት። በእንፋሎቱ የተደራረበ እንጀራ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፣ ያ ሁሉ ድካም ለቆሻሻ ይሆናል። ለሦስት ቀን የሚሆነው መሶብ ውስጥ ይቀመጥ፤ የቀረው በመካከሉ ፕላስቲክ እየገባ ታጥፎ ፍሪዘር ይግባ። ማታ ለነገ የሚበቃውን አውጥታችሁ ብታሳድሩት ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የምትገዙ ከሆነ ምንም አይደለም። እንጀራ በራሷ ያልጋገረች ሴት ባለሙያ አይደለችም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ እናቶችን ያለ እረፍት አስቀርቷል። የጤፉን፣ የመብራቱንና የግማሽ ቀኑን ዋጋ አስሉና ለቤታችሁ የሚያዋጣውን ምረጡ።

5. ማታ 20 ደቂቃ

የጠዋት ግርግር የሚወለደው ማታ ነው። እራት ተበልቶ ልጆች ሳይተኙ፣ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ይህ ይሠራ፦ የታጠበው ምሳ ዕቃ ከነክዳኑ ጠረጴዛ ላይ፤ ዩኒፎርምና ካልሲ ወንበር ላይ፤ ጫማ በሩ ሥር፤ ደብተር ቦርሳ ውስጥ፤ መፈረም ያለበት ወረቀት ካለ ዛሬውኑ ይፈረም። የዕቃ ማጠቢያው ባዶ ሆኖ ይደር።

ምሳ ዕቃ ላይ ጠዋት የሚያስቸኩለው ማብሰሉ ሳይሆን ማሰቡ ነው። ለአምስቱ የትምህርት ቀኖች አምስት ነገር ብቻ ወስኑ፦ ፓስታ፣ እንቁላል ፍርፍር በዳቦ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ድንች በካሮት፣ ፍርፍር። በጾም ቀን የሚሆነውን ረቡዕና ዓርብ ላይ አድርጉት። ልጆች ሰኞ ፓስታ መሆኑን ሲያውቁ ክርክሩም ይቀራል። ፍርፍር የሚሆነውን ቁሌት ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርዳችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት 10 ደቂቃ ይበቃዋል።

6. ውሃና ልብስ

ውሃ በሚመጣበት ዋዜማ ልብሱ ተለይቶ ይቀመጥ፦ ነጭ፣ ቀለም ያለው፣ የቆሸሸ። አንገትጌና እጅጌ ላይ ሳሙና ቀብታችሁ ባለቻችሁ ጥቂት ውሃ ዘፍዝፉት። ውሃው ሲመጣ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ይሁን ንጋት፣ መጀመሪያ የመጠጡና የምግቡ ጀሪካን ይሞላ፣ ከዚያ በርሜሉ፣ ልብሱ በመጨረሻ። የማለቅለቂያው ውሃ አይፈስም፤ ወለል ይወለወልበታል፣ መጸዳጃ ቤት ይደፋል።

ሸሚዝና ዩኒፎርም በደንብ ተራግፎ በመስቀያ ሆኖ ገመድ ላይ ቢሰቀል ካውያው ሥራ ይቀንሳል። ከገመድ ሲወርድ እዚያው ይታጠፍ። ሶፋ ላይ የተከመረ ልብስ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ይጨማደዳል፣ ሲፈለግም ይገለበጣል።

7. ሰልፍና ምልልስ

የመብራት ሒሳብ በቴሌብር ወይም በባንካችሁ የስልክ መተግበሪያ ይከፈላል፤ ሌላውንም እዚያው የሚከፈል ካለ በወር አንድ ቀን፣ ደመወዝ በገባ ማግስት፣ በአንድ መቀመጫ ጨርሱት። ሱቅ በቀን ሦስት ጊዜ ልጅ መላክም ጊዜ ነው። ማዕድ ቤት ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ ይንጠልጠል፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ሳሙና ግማሽ ሲደርስ ይጻፍ እንጂ ሲያልቅ አይደለም። አቅም ከፈቀደ ሁለተኛ የጋዝ ሲሊንደር መያዝ ወጥ ግማሽ ብስል ሲል ከመሯሯጥ ያድናል። ሽሮና ዘይት ደግሞ ከቤት አይጥፉ፤ ዕቅዱ ሁሉ በተበላሸበት ቀን ሩብ ሰዓት ውስጥ እራት የሚያደርስ ሽሮ ነው።

ቡናውንም አንዴ ለሳምንት ቁሉት። አየር በማያስገባ ጠርሙስ ከተቀመጠ በየቀኑ ወቅጦ ማፍላት ብቻ ይቀራል። እሑድ ግን ከጭሱ፣ ከፈንዲሻው፣ ከጎረቤቱ ጋር እንደ ወጉ ይፈላ።

8. ሥራውን ከነኃላፊነቱ አካፍሉ

ይህን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። «እስቲ አግዙኝ» ስትሉ ሥራው የእናንተ ሆኖ ይቀራል፤ ማስታወሱም፣ መጠየቁም፣ መቆጣቱም የእናንተ ነው። ከዚያ ይልቅ አንድን ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጡ። የሰባት ዓመት ልጅ ጫማ መደርደርና ጠረጴዛ መጥረግ የራሱ ይሁን። የአሥር ዓመቷ የሁሉንም ምሳ ዕቃ ታጥባ ጠረጴዛ ላይ ታሰልፍ። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ የውሃውን ቀን ይያዝ፦ መምጣቱን ይከታተል፣ ጀሪካኑን ይሙላ። ወንድ ልጅ ነው ብሎ ማስቀረት ለእሱም አይበጀውም፤ ነገ ብቻውን ቤት ሲከራይ ወይም ባሕር ማዶ ሲሄድ ራሱን መመገብ አለበት።

ባለቤታችሁም እንዲሁ። የወሩ አስቤዛና የሒሳብ ክፍያው፣ ወይም የእሑድ ቁርስ፣ ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ሽንኩርቱ የተመታ፣ ዳቦው የደረቀ ይመጣ ይሆናል። አትቀሙት፤ ከተቀማ በኋላ ተመልሶ አይወስደውም። የምታግዛችሁ ሠራተኛ ካለችም ሥራዋ በዚያው ፍሪጅ በር ላይ ባለው ወረቀት ይጻፍ፣ የእረፍት ቀኗም አብሮ።

ከየት ይጀመር?

ሁሉም በአንድ ሳምንት አይሞከር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብቻ ቁሌት አድርጉና ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው ሳምንት የማታውን 20 ደቂቃ ጨምሩ፤ ሁለቱ ሲለመዱ የውሃውንና የእንጀራውን ቀን ወረቀት ላይ ትከሉ። ፍሪዘራችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ከሌላችሁ ቁሌቱን ለሦስት ቀን በሚበቃ መጠን ፍሪጅ ውስጥ አድርጋችሁ በሳምንት ሁለቴ ሥሩት፤ እሱም ቢሆን ከአምስት ጊዜ ሁለት ይሻላል።